የሚጠየቀው መሣሪያና ተጠያቂው ሰው

«የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር» የተባለ ትምህርት በልዩ ልዩ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዛሬ ኮምፒዩተር የሚያጠኑ ወጣቶች ነገ የሚሠሩት መሣሪያ ማን ብድር እንደሚያገኝ፣ ማን ሥራ እንደሚቀጠር፣ ማን በፖሊስ እንደሚጠረጠር የሚወስን ከሆነ፣ መልካሙን ከክፉ ለይተው እንዲሠሩ ከወዲሁ ሊማሩ ይገባል። በዚህ የማይስማማ ሰው አይገኝም። ነገር ግን መምህሩ ከክፍሉ ገብቶ ጠመኔውን ሲያነሣ ምን ይጽፋል? በሴሚስተሩ መጨረሻስ ተማሪው ሥነ ምግባርን ለመማሩ ማስረጃው ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ይህን ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ውድ አንባብያን እንዲገነዘቡልን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ለዚህ መሣሪያ በአማርኛ የተሰጠው ስም ከባዕድ ቋንቋው ይልቅ ብዙ ይናገራል። «አስተዋለ» ማለት አየ ወይም ዐወቀ ማለት ብቻ አይደለም፤ ልብ አለ፣ መረመረ፣ ያየውንም ነገር ከሚገባው ስፍራ አኖረ ማለት ነው። አስተዋይ ሽማግሌ የምንለው የሚያውቀውን መቼና በማን ፊት እንደሚናገር፣ መቼም ዝም እንደሚል የሚያውቀውን ሰው ነው። በትምህርተ ክርስቶስም ማስተዋል ከመንፈስ ቅዱስ ስጦታዎች ይቆጠራል። መሣሪያው ግን የሚሠራው ከእጅግ ብዙ ምሳሌዎች የተቀዳ ግምት ነው፤ ከዚህ ቀደም ከታየው ተነሥቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ያስደንቃል፤ ለሐኪምም ለገበሬም የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። እንዲህም ሆኖ በስሙ የተቀመጠለት ያ ትልቅ ቃል ከእርሱ ዘንድ የለም። ስሙን ለመለወጥ አሁን ጊዜው ዘግይቷል፤ ቢሆንም ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቃሉን በጥርጣሬ እንዲያየው ማድረግ ይቻላል።

ብዙ መምህራን ትምህርቱን የሚጀምሩት በመርሖዎች ዝርዝር ነው። ዝርዝርም አልጠፋም። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2020 ሮም ላይ የጳጳሳዊ የሕይወት አካዳሚ፣ ማይክሮሶፍት፣ አይ.ቢ.ኤም.፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንዲሁም የኢጣልያ መንግሥት የፈረሙት «የሮም ጥሪ» ስድስት መርሖዎችን ያቆማል፤ እነርሱም ግልጽነት፣ ማንንም አለማግለል፣ ኀላፊነት፣ አለማዳላት፣ አስተማማኝነት፣ ደኅንነትና የግል ምስጢርን መጠበቅ ናቸው። በኖቬምበር 2021 የዩኔስኮ አባል አገሮች በዚሁ ጉዳይ ላይ የጋራ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቀዋል። ቅድስት መንበርም በጃንዋሪ 2025 «አንቲኳ ኤት ኖቫ» በተባለው ሰነድ የሰው አእምሮና የመሣሪያው ስሌት አንድ ዐይነት ነገሮች እንዳልሆኑ፣ ለሚደረገውም ነገር ኀላፊው ሰው መሆኑን በሰፊው አስረድታለች። እነዚህ ሁሉ መልካም ሥራዎች ናቸው፤ ተማሪውም ሊያውቃቸው ይገባል።

ይሁን እንጂ በኖቬምበር 2022 ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ አንድ አስቸጋሪ ሁኔታ ተፈጥሯል። እነዚያን ስድስት መርሖዎች ከእነማብራሪያቸው፣ ከእነምሳሌያቸው አስተካክሎ የሚጽፈው መሣሪያው ራሱ ነው። ስለ ኀላፊነት አምስት ገጽ ጻፍ ቢሉት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጽፋል፤ ያውም ከብዙ ተማሪዎች በተሻለ ሥርዐት። ፈተናው የሚመዝነው መርሖዎችን ማወቅን ከሆነ እንግዲህ በሥነ ምግባር ፈተና አንደኛ የሚወጣው መሣሪያው ነው። ይህን ስንል ለማሾፍ አይደለም። ለመምህሩ የተሰጠ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ሥነ ምግባርን ማስተማር መርሖን ከማስጠናት የተለየ ነገር መሆኑን ከእንግዲህ ማንም ሊሰውረው አይችልምና። ቃሉም ራሱ «ምግባር»፣ ማለትም ሥራ፣ ድርጊት ነው።

ይህን ልዩነት አርስጣጣሊስ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት አስተውሎት ነበር። ወጣቶች በጂኦሜትሪና በሒሳብ ጠበብት ሲሆኑ እናያለን፤ በተግባር ነገር አስተዋይ የሆነ ወጣት ግን ብዙ አይገኝም ይላል። ምክንያቱን ሲያስረዳም እንዲህ ያለው ማስተዋል እያንዳንዱን ነጠላ ጉዳይ የሚመለከት ስለሆነና ነጠላ ጉዳዮች የሚታወቁት በልምድ ስለሆነ፣ ልምድም ረጅም ጊዜ ስለሚጠይቅ ነው ይላል። ይህ አነጋገር ለዩኒቨርሲቲ መምህር ተስፋ የሚያስቆርጥ ሊመስል ይችላል። ከፊቱ የተቀመጡት የሃያ ዓመት ወጣቶች ናቸው፤ ሒሳቡን ከእርሱ ይልቅ ይችሉ ይሆናል፤ ልምዱ ግን ገና ነው። የቀረው መንገድ አንድ ይመስለናል፤ ይኸውም የሌሎችን ልምድ ማበደር ነው። በእውነት የሆነን አንድ ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ፣ ሳይቸኩሉ፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ ከቆመበት ስፍራ እየቆሙ መመርመር።

ለዚህ ተግባር እኛ የምንመርጠው በእንግሊዝ አገር በ2020 የሆነውን ነው። የምንመርጥበትም ምክንያት በዚያ ጉዳይ የተፈረደባቸው ሰዎች ተማሪዎች ስለ ነበሩ ነው። ወጣቱ ራሱን በፈራጁ ወንበር ላይ ብቻ ሳይሆን ከወንበሩ ፊት ቆሞ ያየዋል።

በማርች 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የእንግሊዝ መንግሥት የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዎችን ሰረዘ። ዩኒቨርሲቲ መግባት አለመግባታቸው በዚያ ውጤት የሚወሰን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ነበሩ። ፈተናዎችን የሚቆጣጠረው ኦፍኳል የተባለው መሥሪያ ቤት መምህራን ለእያንዳንዱ ተማሪ «ቢፈተን ኖሮ ያገኝ ነበር» የሚሉትን ውጤት እንዲልኩ፣ ደግሞም በየትምህርቱ ተማሪዎቻቸውን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በደረጃ እንዲያሰልፉ አደረገ። መምህር ለተማሪው ማድላቱ የታወቀ ነውና ግምቱን የሚያርም ቀመር ተዘጋጀ። ቀመሩ በዋናነት ትምህርት ቤቱ ከ2017 እስከ 2019 ያስመዘገበውን ውጤት መነሻ አድርጎ፣ የዓመቱን ተማሪዎች እንደየደረጃቸው በዚያ ቅርጽ ውስጥ አከፋፈላቸው። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ማርክ ያገኘ ተማሪ ያልነበረው ትምህርት ቤት ቢኖር፣ የዚያ ዓመት ልጅ የቱንም ያህል ቢተጋ ያን ማርክ የማግኘት ዕድሉ እጅግ የጠበበ ሆነ። በአንጻሩ የተማሪው ቁጥር በጣም ጥቂት በሆነበት ክፍል ቀመሩ ስለማያስተማምን የመምህሩ ግምት እንዳለ ተወሰደ፤ እንዲህ ያሉ ጥቂት ተማሪ ያላቸው ክፍሎች ደግሞ የሚበዙት ብዙ በሚያስከፍሉት የግል ትምህርት ቤቶች ነው። ኦገስት 13 ቀን ውጤቱ ሲገለጥ መምህራን ከላኩት ግምት 39 ከመቶ ያህሉ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ወጣቶቹ አደባባይ ወጡ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ኦገስት 17፣ መንግሥት ቀመሩን ትቶ የመምህራኑን ግምት ተቀበለ።

አንድ ጠንቃቃ ተማሪ «ይህ እኮ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አይደለም፤ ተራ የስታቲስቲክስ ቀመር ነው» ቢል ትክክል ነው። ቀመሩ ከመረጃ ራሱን በራሱ የሚያስተምር መሣሪያ አልነበረም። ለትምህርት የሚመቸውም ስለዚሁ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ይታያል፣ መሥሪያ ቤቱም አሠራሩን ከሦስት መቶ ገጽ በሚበልጥ ዘገባ አሳትሞታል። ኋላ ተማሪው ውስጡ የማይታይ መሣሪያ ሲያጋጥመው ምን እንደ ተሰወረበት ያውቃል።

አሁን ጥያቄው ይቅረብ፤ ያጠፋው ማን ነው? ሚኒስትሩ ውጤት ከዓመት ዓመት እንዳይዋዥቅ፣ የምስክር ወረቀቱም ዋጋ እንዳይወርድ አዘዙ፤ ይህ የሚያስወቅስ ሐሳብ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ የታዘዘውን በጥንቃቄ ፈጸመ። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ካሉት ቀመሮች የተሻለውን ለመምረጥ ብዙ ደከሙ። መምህራኑ ልጆቹን አሰለፉ፤ አንዱን ሰባተኛ፣ ሌላውን ስምንተኛ አሉ፤ በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል የማርክ ወሰን እንደሚያርፍ የነገራቸው አልነበረም። ክፉ ሰው ፈልገን አናገኝም። ነገር ግን በአንዲት የድኻ ሰፈር ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ ከእርስዋ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ስላልቻሉት ነገር ማርኳ ወረደ።

በዚህ ስፍራ ክርክሩ ይነሣል፤ መምህሩም ሊያቋርጠው አይገባም። ሒሳብ የሚወድ ተማሪ ቀመሩን መከላከል ይችላል፤ ሲከላከልም ጠንካራ ነገር ይዞ ነው። በአገር ደረጃ ሲታይ የዚያ ዓመት ውጤት አከፋፈል ካለፉት ዓመታት ጋር ይቀራረብ ነበር፤ የመምህራኑ ግምት እንዳለ ሲወሰድ ግን ማርኩ በአንድ ጊዜ አሻቀበ። እንግዲያው የትኛው ነው ፍትሕ? በጠቅላላው ሲደመር ትክክል የሆነው ነው ወይስ ለእያንዳንዱ ሰው የሚገባውን የሚሰጠው? የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ሰው ሊመዘን የሚገባው በራሱ ሥራ ነው። ስለ ብዙዎች የተነገረ እውነት ስለ አንዲቱ ልጅ ሲነገር እውነትነቱን ሊያጣ ይችላል፤ እርስዋም በጎረቤቶቿ ታሪክ ስትመዘን ገና ሳትፈተን ተፈርዶባታል። ተማሪው ከዚህ አስተያየት ጋር ባይስማማ አያስነውረውም። የማይስማማበትን ምክንያት ለዚያች ልጅ ፊት ለፊት የሚነግራት ሆኖ እንዲናገር ግን መጠየቅ አለበት። ለክፍሉ ሲናገርና ለእርስዋ ሲናገር ቃሉ ይለወጥ እንደሆነ ያን ጊዜ ራሱ ያየዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ከቀመሩ ይልቅ ያስተምራል። በዚያው ወር የኦፍኳል ዋና ኀላፊ ሥራቸውን ለቀቁ፤ የትምህርት ሚኒስቴሩ ከፍተኛ ሹም ከሥፍራቸው እንዲነሡ ተደረገ፤ ሚኒስትሩ ግን በሥልጣናቸው ቈዩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን ኦገስት 26 ቀን ለተማሪዎች ሲናገሩ ጥፋቱን በስሌቱ ላይ ጣሉት፤ ስሌቱ እንደ ሕያው ፍጥረት ባሕርዩን ለውጦ፣ ማንም ሳያዝዘው ያጠፋ ይመስል። ቀመሩ ግን ባሕርዩን አልለወጠም፤ እንዲሠራ የተነገረውን ሠራ።

በአማርኛችን «ተጠያቂ» የሚለው ቃል የወጣው ከመጠየቅ ነው። ተጠያቂ ማለት «ለምን አደረግህ?» ሲባል «ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ የሚቆም ማለት ነው። አሁን የያዝነው መሣሪያ ቀን ከሌት ይጠየቃል፤ በታሪክ እንደ እርሱ የተጠየቀ የለም ብንል አላጋነንንም። መልስም ይሰጣል፤ ሲሳሳትም በትሕትና ይቅርታ ይጠይቃል። ነገር ግን ተጠያቂ አይደለም፤ የሚያጣው ነገር የለውምና። ቅጣት አይደርስበትም፣ አያፍርም፣ የበደለውን ሰው ሄዶ አይጠይቅም። መጠየቅ በእኛ ዘንድ የታመመንና ያዘነን መጎብኘትም መሆኑን አንባቢ አይስተውም።

የእንግሊዙ ጉዳይ ሩቅ ለሚመስለው ተማሪ የቀረበ ምሳሌ አለ። በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነት ወቅት የፌስቡክ የጽሑፍ አቀራረብ ሥርዐት ጥላቻ የሚቀሰቅሱ ጽሑፎችን አጉልቶ አሰራጭቷል፣ አቤቱታም ሲቀርብ በጊዜው ምላሽ አልተሰጠም በማለት፣ አባቱ የተገደለበትን አንድ ኢትዮጵያዊ ጨምሮ ከሳሾች በዲሴምበር 2022 ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜታ ኩባንያ ላይ ክስ መሥርተዋል። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለውም ሲል ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱም በኤፕሪል 2025 ሥልጣን አለኝ ሲል በየነ። ይህ ብይን በፍሬ ነገሩ ላይ የተሰጠ አልነበረም። ስለዚህ መምህሩ ኩባንያውን በክፍል ውስጥ ሊፈርድበት አይገባም። ነገር ግን ሊታለፍ የማይገባ አንድ ነገር አለ፤ ከሁለት ዓመት በላይ የፈጀው ክርክር በዳዩ ማን ነው የሚል እንኳ አልነበረም፤ ጥያቄው ማን ፊት ይቅረብ የሚል ነበር። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ወጣት መሐንዲስ ነገ እንዲህ ባለ ኩባንያ ቢቀጠር፣ የትኛው ጽሑፍ ቀድሞ ይታይ የሚለውን ስሌት የሚያስተካክለው እርሱ ይሆናል። ቋንቋውን የሚያውቅ እርሱ ብቻ ሊሆንም ይችላል።

እስካሁን የተናገርነው ስለሚሠራው መሣሪያ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ነው። ከዚህ የሚቀድም፣ መሐንዲሶችም ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ጥያቄ አለ፤ መሣሪያው ጨርሶ ሊሠራ ይገባል ወይ? ይህን ጥያቄ ከሁሉ አጥብቆ ያነሣው ከሙያው የወጣ ሰው ነው። ጆሴፍ ዋይዘንባውም በርሊን ተወልዶ በ1936 ከናዚዎች በመሸሽ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደ አይሁዳዊ ሲሆን፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ነበር። በ1966 «ኤላይዛ» የተባለ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ፕሮግራሙ ሰው የጻፈለትን ዐረፍተ ነገር ገልብጦ በጥያቄ መልክ የሚመልስ እንጂ ምንም የማይረዳ ነበር። ቢሆንም ሥራውን ከመጀመሪያው ታውቅ የነበረችው ጸሐፊው ከፕሮግራሙ ጋር ጥቂት ከተጻጻፈች በኋላ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ምስጢሯን ለብቻዋ ልታካፍለው ፈለገች። ዋይዘንባውም በዚህ ደነገጠ፤ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍም ኮምፒዩተር ሊሠራቸው ቢችል እንኳ ሊሰጡት የማይገቡ ሥራዎች አሉ፣ የሰውን ፍቅርና መረዳት የሚሹ ሥራዎች ከእነዚህ ናቸው ሲል ተከራከረ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ጭንቀቱን ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ሲነግር ስናይ የያኔው ድንጋጤ ያለ ምክንያት አልነበረም እንላለን።

ተማሪዎች ይህን ጥያቄ የሚዘሉበትን መንገድ በሌላ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ዶክተር ትምኒት ገብሩ የሰውን ፊት አይቶ ወንድ ወይም ሴት የሚሉ የሦስት ኩባንያዎችን ፕሮግራሞች ፈተኑ። የተጠቀሙባቸው 1,270 ፎቶግራፎች ከሦስት የአፍሪካና ከሦስት የአውሮፓ አገሮች የምክር ቤት አባላት የተወሰዱ ነበሩ። ቆዳቸው በነጣ ወንዶች ላይ የታየው ስሕተት ቢበዛ ከመቶ 0.8 ሲሆን፣ ቆዳቸው በጠቆረ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 ደረሰ። ይህን የሰማ ተማሪ ወዲያው የሚሰጠው መልስ «እንግዲያው የጥቁር ሴቶችን ፎቶግራፍ ጨምሮ ማስተማር ነው» የሚል ነው። መልሱ የመሐንዲስ መልስ ነው፤ ከፊሉም እውነት ነው፤ ኩባንያዎቹም አሻሽለውታል። ነገር ግን ፊትን ያለ ስሕተት የሚለይ መሣሪያ በጨቋኝ እጅ ቢወድቅ፣ ከሚሳሳተው ይልቅ የሚያስፈራው የማይሳሳተው ነው። መሣሪያው ልክ መሆኑና ሥራው ተገቢ መሆኑ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ክፍሉ ይህን ልዩነት ሳያገኝ ቢበተን ትምህርቱ ገና አልተጀመረም።

ዶክተር ትምኒት ኋላ በጉግል ሲሠሩ ስለ ትልልቅ የቋንቋ መሣሪያዎች አደጋ በተጻፈ የጥናት ጽሑፍ ምክንያት ከአለቆቻቸው ጋር ተጋጭተው በዲሴምበር 2020 ከሥራቸው ተለያዩ። እርሳቸው ተባረርሁ አሉ፣ ኩባንያው መልቀቂያቸውን ተቀበልሁ አለ። ይህን በክፍል መናገር አስፈላጊ ነው ብለን እናምናለን። ለወጣቶች «ኅሊናችሁን ተከተሉ፤ ሁሉም ይቃናል» ማለት ውሸት ነው። አዲስ የተቀጠረ መሐንዲስ ደመወዙን ለወላጆቹ የሚልክ፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር ሊሆን ይችላል፤ «ይህን አልሠራም» ማለት ምን እንደሚያስከፍለው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። በ«እሺ»ና በ«እምቢ» መካከል ብዙ መንገድ መኖሩንም እንዲሁ፤ ጥርጣሬን በጽሑፍ ማስፈር፣ «የሚጎዳው ማን ነው?» ብሎ በስብሰባ መጠየቅ፣ የባልደረባን ምስክርነት መሻት። እነዚህ ትናንሽ ድፍረቶች ናቸው፤ በክፍል ውስጥም ሊለመዱ ይችላሉ።

ትምህርቱ በሥርዐተ ትምህርት ውስጥ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ብዙ አያቆየንም። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ፕሮፌሰሯ ባርባራ ግሮስና የፍልስፍና ፕሮፌሰሯ አሊሰን ሲመንስ የጀመሩት አሠራር ሥነ ምግባርን ለብቻው ኮርስ ከማድረግ ይልቅ የፍልስፍና ምሁራን በየኮምፒዩተር ኮርሱ እየገቡ ከዚያው ትምህርት የሚነሣውን የሥነ ምግባር ጥያቄ እንዲያስተምሩ ያደርጋል። በአገራችን በ2019 ለአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተዘጋጀው የአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያ ሞጁል ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሦስተኛው ምዕራፍ ሲሆን ሥነ ምግባር ስድስተኛው ነው። ሥነ ምግባር መካተቱ የሚያስመሰግን ነው። በመካከል ግን ሁለት ምዕራፎች አሉ፤ ተማሪውም መሣሪያውን ተምሮ ከጨረሰ ከሳምንታት በኋላ ኅሊናውን እንዲያነሣ ይጠየቃል። መምህሩ ሞጁሉን መለወጥ ባይችል እንኳ ሦስተኛውን ሲያስተምር ስድስተኛውን አብሮ መግለጥ ይችላል።

የሚከብደው የፈተናው ነገር ነው። ተማሪው ስለ ኀላፊነት የጻፈውን ድርሰት መሣሪያው ጽፎለት እንደሆነ መምህሩ በምን ያውቃል? አንዳንዶች ይህን የሚመረምር ሌላ መሣሪያ ይጠቀማሉ። ቻት ጂፒቲን የሠራው ኦፕን ኤ.አይ. የራሱን መመርመሪያ አስተማማኝ ባለመሆኑ በጁላይ 2023 አንሥቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መመርመሪያዎችን ፈትነው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች በገዛ እጃቸው ከጻፏቸው የቋንቋ ፈተና ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ የሚበልጡትን «የመሣሪያ ሥራ ናቸው» ብለው እንደፈረዱባቸው አሳይተዋል። የእኛ ተማሪዎች ሁሉ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፤ ቀለል ባሉ ቃላትና በተለመደ አገባብ ይጽፋሉ፤ መመርመሪያውም የሚጠረጥረው ይህንኑ ነው። እንግዲህ በሥነ ምግባር ክፍል ውስጥ አንድ መምህር ውስጡን በማያውቀው መሣሪያ ፍርድ ተማሪውን ሌባ ቢል፣ በእንግሊዝ የተደረገውን በራሱ ክፍል ደገመው ማለት ነው። ተማሪዎቹም ከሴሚስተሩ ሁሉ አጥብቀው የሚያስታውሱት ያን ይሆናል።

ለዚህ መድኀኒቱ ከሩቅ የሚመጣ አይመስለንም። በአብነት ትምህርት ቤት የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ሲመሽ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። የሌላውን ቅኔ ይዞ ቢመጣ አይጠቅመውም፤ መምህሩ «ይህን ለምን እንዲህ አገባኸው?» ሲለው መልስ ያጣልና። መምህሩ ያርመዋል፣ ይገሥጸዋል፣ ሲሳካለትም ያመሰግነዋል። ፈተናው ያለው በቃሉ ጀርባ የሚቆመው ሰው ላይ ነው። ተማሪው ድርሰቱን በፈለገው እርዳታ ይጻፍ፤ ከዚያ ግን በመምህሩና በሁለት ባልንጀሮቹ ፊት ተቀምጦ «ይህን ቀመር ብትሠራው ኖሮ የት ላይ ትቆም ነበር? ለልጅቱስ ምን ትላት ነበር?» ሲባል በገዛ አፉ ይመልስ። በአማርኛም ቢሆን፣ በኦሮምኛም ቢሆን፣ በትግርኛም ቢሆን፤ ሰው ኅሊናውን የሚመረምረው በቅርብ ቋንቋው ነውና እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ቢቀር ምንም አይጎድልም።

ይህን ስንል የመምህራኑን ሸክም ሳንዘነጋ ነው። ሰማንያ ተማሪ ያለው መምህር ለእያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ቢመድብ ሃያ ሰዓት ይሆናል፤ ይህም በአንድ ኮርስ ብቻ ነው። ሦስት ክፍል የሚያስተምር ከሆነ ስልሳ። በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ከተማሪ ጋር መነጋገር እንደ ማስተማሪያ ሰዓት በማይቈጠርበት ሥርዐት ውስጥ ይህን ከመምህሩ መጠበቅ ግፍ ነው፤ እርሱም ወደ መመርመሪያው መሣሪያ ቢመለስ አይፈረድበትም። ስለሆነም የዩኒቨርሲቲ አስተዳደሮች የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር እንዲሰጥ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ በዚያው ደብዳቤ እነዚያን ሃያ ሰዓታት ከመምህሩ የሥራ ጫና ላይ የሚቀንስ አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ፣ ለክፍሎቹም ከሰማንያ ይልቅ አርባ ተማሪ ቢመድቡ፣ ይህ ጽሑፍ የሚለምነው ያን ያህል ነው።